«ኮምፒዩተሩ ተቃጥሏል» ከማለታችሁ በፊት

ነሐሴ ነበር። ከደሴ በኩታበር በኩል ወጣ ብሎ ባለ አንድ የድንጋይ ካባ ኤክስካቫተር ቆሟል ተብሎ ከኮምቦልቻ ተጠራሁ። ሐረጎን ስወጣ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ካባው ስደርስ ሦስት ገልባጭ መኪኖች ጭነት እየጠበቁ ተደርድረዋል። ሾፌሮቹ ሸራ ወጥረው ቡና እያፈሉ ነው። አቦሉ አልፎ ቶናው ላይ ደርሰዋል። ማሽኑ ከቆመ ቆየት ማለቱ ከዚህ ይታወቃል።

ፎርማኑ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ኮምፒዩተሩ ተቃጥሏል» አለኝ። አዲስ አበባ ደውለው ዋጋ ጠይቀዋል። የተባሉት ዋጋ ደህና ያገለገለ መኪና ይገዛል። ለመግዛት የቀረው አንድ ፊርማ ነው።

ኮምፒዩተሩ አልተቃጠለም ነበር። የተበላሸው ከመዳፍ የማይረዝም ሽቦ ነው። እሱን ለማግኘት ግን ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ አንዱን ቀን ያቃጠልኩት በራሴ ጥፋት ነው። ይህን የምጽፈው እንደኔ መልቲሜትር (የኦምና የቮልት መለኪያ) ይዛችሁ ከሳይት ሳይት ለምትዞሩ ነው። የፋብሪካ ሶፍትዌር የተጫነበት ላፕቶፕ ያለው ሰው ሥራው ይቀልለታል። እሱም ቢሆን መጨረሻ ላይ ሽቦ መያዙ አይቀርም።

የማሽኑ ጠባይ እንዲህ ነበር። ጠዋት ይነሳል፣ ይሠራል። ከዚያ ድንገት ሞተሩ ይወርዳል። ኦፕሬተሩ ማፍጠኛውን ቢያዞረውም አይሰማም። ሞኒተሩ ላይ የሙቀትና የዘይት ምልክቱ ይጠፋል፤ ጩኸት ያሰማል፤ ከሞተሩ ጋር ግንኙነት የለም የሚል ኮድ ይወጣል። አጥፍተው ሲያስነሱት ምንም እንዳልነበረበት ይሠራል። ለአምስት ደቂቃ።

ለማያውቀው ሰው ትንሽ ላስረዳ። ድሮ አክስለሬተር ማለት የብረት ኬብል ነበር። ብትስበው ሞተሩ ይጮሃል፣ አለቀ። ዛሬ ሞተሩ የራሱ ኮምፒዩተር አለው፣ የሃይድሮሊክ ፓምፑ የራሱ አለው፣ ሞኒተሩም ራሱ ኮምፒዩተር ነው። እዚህ ማሽን ላይ ኦፕሬተሩ ማፍጠኛውን ሲያዞር ትዕዛዙ መጀመሪያ ወደ ፓምፑ ኮምፒዩተር ይሄዳል። የፓምፑ ኮምፒዩተር ደግሞ ለሞተሩ «ፍጥነት ጨምር» ብሎ መልእክት ይልካል። መልእክቱ የሚሄደው እርስ በርስ በተጠማዘዙ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። ካን ባስ የሚባለው ይህ ነው። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ለመኪና ብሎ ያወጣው ነው። በከባድ መኪናና በግንባታ ማሽን ላይ የሚሠራበት ደንብ ጄ1939 ይባላል። በብዙ ማሽኖች ላይ ቢጫው ሽቦ ካን ሃይ፣ አረንጓዴው ካን ሎው ነው። የቀለሙን ነገር ግን በጭፍን አትመኑ፤ ሌላ ቀለም የሚጠቀም አምራችም አለ።

በሁለቱ ሽቦዎች ጫፍና ጫፍ ላይ 120 ኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች አሉ። ሬዚስተር የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ትንሽ ዕቃ ነው፤ የመግታት አቅሙ የሚለካው በኦም ነው። ለምን እንደሚያስፈልጉ ለረዳቴ ያስረዳሁት እዚያው ካባው አፋፍ ላይ ቆመን ነው። «እስቲ ጩህ» አልኩት። ጮኸ። የገደል ማሚቶው ከወዲያ ማዶ መለሰለት። ሽቦው ላይም እንዲሁ ነው። ጫፉ ላይ የሚውጠው ነገር ከሌለ መልእክቱ ተመልሶ ይመጣና ከሚቀጥለው መልእክት ጋር ይደባለቃል። ሬዚስተሩ ማሚቶውን የሚውጥ ነው። ደግሞ ለእኛ ለመርማሪዎች ትልቅ ውለታ ይውላል። ሁለት 120 ኦም ጎን ለጎን ሲቆሙ 60 ኦም ይሆናሉ። ስለዚህ መስመሩ ጤነኛ መሆን አለመሆኑን አንድ ልኬት ግማሹን ይነግራችኋል።

ግማሹን ብቻ። እኔን ጉድ የሠራኝ እዚህ ጋ ነው።

የደረስኩበት ቀን መሽቶ ስለነበር ሥራ የጀመርኩት በማግስቱ ጠዋት ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የባትሪውን ማጥፊያ አጠፋሁ። ትንሽ ጠበቅኩ፤ ኮምፒዩተሮቹ ወዲያው አይተኙም። ካቢኑ ውስጥ ባለው ባለ ዘጠኝ ፒን የመመርመሪያ ሶኬት ላይ ካን ሃይና ካን ሎው የሚወጡባቸውን ሲ እና ዲ የሚባሉ ፒኖች ለካሁ። 60.4 ኦም። «መስመሩ ንጹሕ ነው» ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። ከዚያ የፎርማኑን ሐሜት ተከትዬ ወደ ሞተሩ ኮምፒዩተር ሄድኩ። ሶኬቱን ነቅዬ እንደገና ስለካ 120 አለኝ። «አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። ረዳቴም አብሮኝ ጮኸ።

ምንም አላገኘሁም። በዚያ ማሽን ላይ አንዱ ሬዚስተር ያለው ሞተሩ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሩን ስትነቅለው ሬዚስተሩም አብሮ ይነቀላል፤ 120 ማለቱ ትክክል ነው። ይህን ያወቅኩት ከሰዓት በኋላ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የማሽኑን የሽቦ ካርታ በቴሌግራም ሲልክልኝ ነው። እስከዚያ ሞኒተር ከሌላ ማሽን አውጥተን ገጥመናል፣ ፊውዝ ለውጠናል፣ የሞተሩን ኮምፒዩተር ሶኬት አራት ጊዜ ነቅለን ሰክተናል። ሶኬት በነቀላችሁ ቁጥር ፒኑ ይላላል። ያለ ካርታ ሶኬት መንቀል ከጀመራችሁ አንድ የነበረውን ብልሽት ሁለት ታደርጉታላችሁ።

ኦፕሬተሩ የወሎ ቦረና ሰው ነው፣ በዕድሜ የገፋ። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ዋለ። ማታ ላይ ራት ስንበላ «ጋሼ፣ ማሽኑ መቼ ነው የሚያስቸግርዎት?» አልኩት።

«እስካሁን ማን ጠየቀኝ?» አለ። «ጠዋት ደህና ነው። ሃመሩን፣ ድንጋይ መስበሪያውን፣ ገጥሜ ግማሽ ሰዓት ያህል ስወግርበት፣ ዘይቱ ሲሞቅ፣ ያኔ ነው የሚያኮርፈው። አብሽር፣ ነገ አሳይሃለሁ።»

እውነት ለመናገር አፈርኩ። ልኬቴ ትክክል ነበር፤ የለካሁት ግን ጤነኛ ማሽን ነው። ብርድ ላይ ያደረ፣ ያልተንቀጠቀጠ ማሽን 60 ኦም ቢል ምን ይገርማል? በሽተኛ የሚመረመረው ሲያመው ነው።

በሁለተኛው ቀን ሃመሩን ገጥመን ሥራ አስጀመርነው። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሞተሩ ወረደ። ኦፕሬተሩ በመስኮት አውራ ጣቱን አሳየኝ፤ ማሽን ሲበላሽ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ወዲያው አስጠፋሁት። የባትሪውን ማጥፊያ ዘጋን። ሲ እና ዲ ላይ መልቲሜትሩን ሰካሁ። 121።

አሁን ትርጉም አለው። ሁሉም ሶኬት በቦታው ነው፤ አንደኛው ሬዚስተር ግን ከመስመሩ ጠፍቷል። ስለዚህ በመመርመሪያው ሶኬትና በሞተሩ ኮምፒዩተር መካከል ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ ተቆርጧል ማለት ነው። ረዳቴን የሽቦውን ጥቅል ከካቢኑ ጀምሮ በእጁ እየጨበጠ፣ እየነቀነቀ እንዲሄድ አደረግኩት። እኔ ዓይኔን ከቁጥሩ አልነቀልኩም። 121፣ 121፣ 121። የፓምፑ ክፍል ጋ ሲደርስ 61 አለ። ሲለቀው 121። እንደገና ጨበጠው፣ 61።

ጥቅሉን ስንከፍተው ናስትሮ የተጠቀለለበት ነገር አገኘን። ዘይት ጠጥቶ እንደ ሙጫ ሆኗል። ነገሩን ኋላ ላይ ከኦፕሬተሩ አጣራሁ። ከጥቂት ወራት በፊት የሃይድሮሊክ ዘይት የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ ፈንድቶ ሲቀየር አንድ መካኒክ ሽቦውን በስህተት ቆርጦታል። ከዚያ በእጁ ጠምዝዞ፣ ናስትሮ ጠቅልሎ፣ ማቀፊያውን ሳይመልስ ሄዷል። ቢጫው ሽቦ ደህና ነው። አረንጓዴው ሽቦ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። ሁለት የመዳብ ክር ብቻ ነው አያይዞ ያቆየው። ሲበርድ ይነካካል፣ ሲሞቅና ሲንቀጠቀጥ ይላቀቃል።

ጥገናው አንድ ሰዓት አልፈጀም። የተበላሸውን ክፍል ቆርጠን ጣልነው። ሁለቱንም ሽቦ እኩል አድርገን፣ እንደነበረው አጠማዝዘን፣ በትክክለኛ መጋጠሚያ ጨፍልቀን፣ በሙቀት የሚኮማተር ሙጫ ያለው ቱቦ አለበስነው። መጠማዘዙን እንደ ማስዋቢያ አትዩት። ሁለቱ ሽቦዎች ተቃቅፈው ሲሄዱ ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ሁለቱንም እኩል ይነካቸዋል፤ ተቀባዩ የሚያየው ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ ረብሻው ይጣፋል። ጥቅሉን ከብረቱ አርቀን በማቀፊያ አሰርነው። ከዚያ ሃመሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ወገረ። ሞተሩ አልወረደም። የድሮዎቹን ኮዶች አጠፋሁ፤ አልተመለሱም።

ሒሳብ ላይ ፎርማኑ «ለሽቦ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» አለኝ። ለኮምፒዩተሩ ሊከፍል የነበረውን አስታወስኩት። ሳቀና ከፈለ፤ ትንሽ ቀንሶ።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሌን ቀይሬያለሁ። መጀመሪያ ኦፕሬተሩን እጠይቃለሁ። መቼ፣ ምን ሲሠራ፣ ሲሞቅ ወይስ ሲበርድ፣ ሲዘንብ ወይስ በጸሐይ፣ ከዚያ በፊት ማን ምን ነካ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱን ይዞ ይመጣል። የዘይት ቱቦ ተቀየረ፣ ብየዳ ተበየደ፣ ጂፒኤስ ተገጠመ፣ ታጠበ።

ቀጥሎ ባትሪ። በ24 ቮልት ማሽን ላይ ሞልተው የቆሙ ባትሪዎች 25 ቮልት ከፍ ብሎ ያሳያሉ፤ ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞው ወደ 28 ማድረስ አለበት። ባትሪው ደክሞ ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ ከወደቀ ኮምፒዩተሮቹ ለአፍታ ይጠፉና የግንኙነት ኮድ ይመዘግባሉ። ብዙ ሰው ይህን ኮድ አይቶ ካን ባስ ሲያሳድድ ይውላል።

ኮዱን በሚመለከት አንድ ነገር ልበል። ኮድ ከሳሽ ነው። የሚነግራችሁ ማን እንዳማረረ ነው፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይነግራችሁም። ሽማግሌ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ እናንተም አትፍረዱ። ኮዱ ሁለት ቁጥር አለው፤ ኤስፒኤን የሚባለው ስለ ምን እንደሚያማርር፣ ኤፍኤምአይ የሚባለው ብልሽቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ይናገራል። ለምሳሌ የካን ባሱ ቁጥር የሆነው ኤስፒኤን 639 ከኤፍኤምአይ 9 ጋር ከወጣ መልእክት በሰዓቱ አልደረሰኝም እያለ ነው። ኤፍኤምአይ 19 ደግሞ መልእክቱ ደርሶኛል፣ ውስጡ ግን ልክ አይደለም ነው። ስለዚህ በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ ያለውን ኮድ አሰባስቡ። ሁሉም በአንዱ ላይ ካማረሩ ያ አንዱ ዝም ብሏል፤ ወደ ፊውዙና ወደ ማሳው፣ ማለትም ወደ ኔጌቲቭ መመለሻው፣ ሂዱ። ሁሉም በሁሉም ላይ ካማረሩ ችግሩ ያለው የጋራ መስመሩ ላይ ነው።

ቆቦ በኩል አንድ ግሬደር ይህንኑ አሳይቶኛል። ሞኒተሩም ሞተሩም የማርሽ ሳጥኑ ኮምፒዩተር ጠፋ ብለው ይከሳሉ። መስመሩ 60 ኦም ነው። ቁልፉን ከፍቼ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የኮምፒዩተሩ ማሳ ፒን ላይ አደረግኩ። ዜሮ ሊጠጋ ሲገባው ከ3 ቮልት በላይ አሳየኝ። ካቢኑ ቀለም ሲቀባ የማሳው ቦሎን ማረፊያም አብሮ ተቀብቶ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ፈትገን ብረቱን አወጣነው፤ ሥራው አሥር ደቂቃ።

ኦሙን ስትለኩ ቁጥሩን እንዲህ አንብቡት። 60 አካባቢ ደህና ነው። 120 ከሆነ አንዱ ጫፍ ጠፍቷል። ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ምንም ካላሳየ የመመርመሪያው ሶኬት ራሱ ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ቦታ ላይ ድገሙት። 40 ካሳየ ሦስተኛ ሬዚስተር ገብቷል። ይህን 40 ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሎደር ላይ አይቼዋለሁ። ነዳጅ መቆጣጠሪያ ጂፒኤስ የገጠመው ልጅ የራሱን ሬዚስተር ጨምሮበት ነው። ስንነቅለው ሎደሩ ዳነ። ልኬት ከመጀመራችሁ በፊት የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አነካክታችሁ ስንት እንደሚያሳይ እዩ። የተጎዳ ኬብል ሁለት ሦስት ኦም ይጨምርና ያሳስታችኋል።

ኦሙ ከተስተካከለ ማጥፊያውን መልሱና ቁልፉን ከፍታችሁ ቮልት ለኩ። ከማሳ ወደ ካን ሃይ 2.6 ወይም 2.7፣ ወደ ካን ሎው 2.3 ወይም 2.4 አካባቢ መሆን አለበት። ሁለቱ ሲደመሩ ወደ 5 ይጠጋሉ። ሁለቱም ልክ 2.5 ላይ ፍንክች ካላሉ በመስመሩ ላይ የሚያወራ የለም። አንዱ ዜሮ ከሆነ ቻሲስ ነክቷል። 24 ካሳየ ከባትሪ ሽቦ ጋር ተገናኝቷል፤ በዚህ ጊዜ ማሽኑን ቶሎ አጥፉት።

ወሎ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሁለት አገር ነው። ደጋው ላይ፣ ደሴና ወገልጤና በኩል፣ ጠላታችሁ እርጥበት ነው፤ ሶኬት ስትከፍቱ አረንጓዴ ዝገት ፈልጉ። ቆላው ላይ፣ ባቲና ቆቦ በኩል፣ ሽቦው በሙቀት ይደርቅና ሲያጥፉት ይሰነጠቃል፤ አቧራው ደግሞ ከዘይት ጋር ተቦክቶ ሽቦውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። አይጥ በሁለቱም አገር አለ። ማሽን በከባድ ግፊት ውኃ ሲታጠብ ሶኬቶቹ ላይ ባታነጣጥሩ ብዙ ሥራ ይቀርላችኋል። ለእኔ ገቢ ነው፤ ግን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ኮምፒዩተር በእውነት የሚቃጠልበት ጊዜም አለ። አንድ ጊዜ ሐይቅ አካባቢ የሎደር ባልዲ ሲበየድ ባትሪው አልተፈታም፣ የብየዳው ማሳ ደግሞ የታሰረው ከኋላ ቻሲሱ ላይ ነው። ኃይሉ በማሽኑ መሐል አልፎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ካን ባሱ ላይ ካን ሃይ ወደ ዜሮ ወርዶ ቀረ። ኮምፒዩተሮቹን አንድ በአንድ ነቀልን። የማርሽ ሳጥኑን ኮምፒዩተር ስንነቅል ቮልቱ ተስተካከለና የቀሩት ማውራት ጀመሩ። ፊውዙም ማሳውም ደህና ነው። መልሰን ስንሰካው መስመሩ እንደገና ዝም አለ። ያኔ ነው «ተቃጥሏል» ብዬ የፈረምኩት። ስትበይዱ ሁልጊዜ የባትሪውን ሁለቱንም ጫፍ ፍቱ፤ ከተቻለ የኮምፒዩተሮቹን ሶኬት ንቀሉ፤ ማሳውን የሚበየደው ብረት ላይ፣ ከብየዳው አጠገብ እሰሩ።

ያገለገለ ኮምፒዩተር ከሌላ ማሽን ገዝታችሁ ለመግጠም ካሰባችሁ ደግሞ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ፕሮግራሙን ማን እንደሚጭንላችሁ አጣሩ። ብዙዎቹ የማሽኑ ሶፍትዌር ካልተጫነባቸው አይሠሩም። እኛ ሳናጣራ ገዛን፤ ሎደሩ ሦስት ሳምንት ሐይቅ ዳር ቆመ።